ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር፦ ስለ 15 ዓመትና ስለ 99 ዓመት የቀረበ የምስጋና ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በጣና ዳርቻ እየተከናወነ ያለውን ፍትሐዊ የመሬት ክፍፍል ይመለከታል

በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን አጸና። የማይሸጠው መሬት በካሬ ሜትር ዋጋ ወጥቶለት፣ በታሸገ ፖስታ ተጫርቶ ለአሸናፊው የሚተላለፍበት ሥርዓት ሊዝ ይባላል። ይህን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 721/2004 በመርሆዎቹ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የመሬት አቅርቦቱ የዜጎችን ፍትሐዊ ተጠቃሚነት እንዲያረጋግጥ፣ የሊዝ ጨረታው ደግሞ የወቅቱን የገበያ ዋጋ እንዲያንጸባርቅ። ሁለቱ መርሆዎች በነጋሪት ጋዜጣ ላይ በሰላም ጎረቤታሞች ናቸው። የሚጣሉት ጨረታ ሲከፈት ነው፤ ያን ጊዜም ሁልጊዜ የሚሸነፈው ያው አንዱ ነው።

አስተዳደሩ በተለይ የሚመሰገነው በሒሳብ ችሎታው ነው። በወራሚት ወይም በዘንዘልማ በቆሎና ዳጉሳ የሚያመርት ገበሬ መሬቱ ለከተማ ልማት ሲፈለግ ካሳ ይከፈለዋል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ዘመን ምትክ መሬት ያላገኘ ገበሬ የዓመት አማካይ ገቢው በ10 ይባዛለት ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቸርነቱን ጨመረና ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ መርጦ በ15 አባዛው። ያው መሬት አጥሩን ተሻግሮ ከተማ ሲሆን ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ ሲሰጥ 70 ዓመት ያገለግላል። ገበሬው የሚለቅቀው ለዘለዓለም ነው፤ የሚቆጠርለት 15 ዓመት ነው። ቀሪው 84 ዓመት በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደተመዘገበ ኦዲተር ቢጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ካሳው የሰብል ነው፣ ሊዙ የመሬት ነው፤ መሬቱ ደግሞ የገበሬው ስላልሆነ ዋጋ አልነበረውም። ዋጋ ያወጣው የገበሬው እግር ከወጣ በኋላ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሒሳቦች ናቸው የሚል ባለሙያ አይጠፋም፣ ልክም ነው። ይህ ደብዳቤ የተጻፈውም ስለተለያዩ ነው።

ገበሬውም ማባዛት ያውቃል። የመነሻ ማስታወቂያው ሳይደርሰው በፊት መሬቱን ቆራርሶ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሞ፣ ቤት ለቸገረው ይሸጣል። ገዢው ሌሊቱን ቆርቆሮ ያለብሰዋል፤ ሲነጋ የጨረቃ ቤት ተወልዷል። ከዚያ ግብረ ኃይል ከነዶዘሩ ይመጣል። በዚህ ዑደት ሁሉም ሥራ ያገኛል፦ ሻጩ፣ ደላላው፣ አናጢው፣ አፍራሹ። ሥራ የማያገኘው ቤቱ ውስጥ የነበረው ቤተሰብ ብቻ ነው፤ እሱም ወደሚቀጥለው ቀበሌ ሄዶ ዑደቱን ያስቀጥላል።

ጣና ዳር ሲደረስ የሒሳቡ ጥበብ ይበልጥ ይረቅቃል። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከተማው ሳይቆረቆር በሐይቁ ዳር ዓሣ ሲያጠምድ፣ ደንገል አጭዶ ታንኳ ሲያስር ኖሯል። የደንገል ታንኳ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለሙያው ሁልጊዜ አዲስ ደንገል ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ያስራል። ከዳርቻው በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ መራቅ ለቢሮ ሠራተኛ የታክሲ ጉዳይ ነው፤ ለታንኳ ሠሪ ግን የሙያው ፍጻሜ ነው። ማኅበረሰቡ በመናቁም ከመሬት ባለይዞታነት ተገልሎ የቆየ ነው፤ ከተማው በሰፋ፣ ሆቴልና ሎጅ ዳርቻውን በያዘ ቁጥርም ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ካሳ የሚሰላው ሕጋዊ ይዞታ ላለው ነው። ወይጦ ያለው ደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ካርታ የለውም። (ለነገሩ ያለ ካርታም ሩቅ ይሄዳል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1962 ዓ.ም. ከሞሮኮ ተነሥቶ ባርባዶስ የገባባት ራ ሁለት የተባለች ታንኳ የታሰረችው ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል ነበር። አትላንቲክን ያሻገረ ተክል የባሕር ዳርን መሬት አስተዳደር በር መሻገር አቅቶታል።)

አዋጅ 1161 ለዚህም መድኃኒት አለው። ነባር ባለይዞታ በቦታው ላይ የታቀደውን ለማልማት አቅም ካለው ቅድሚያ ይሰጠዋል። ታንኳ ሠሪው እንግዲህ ባለብዙ ፎቅ ሆቴል መገንባት እንደሚችል አስመስክሮ ይቅረብ፤ ባንኩ ታንኳውን በመያዣነት ካልተቀበለ ጥፋቱ የሕጉ አይደለም።

ጨረታ የማይችለው ነዋሪ የሚመራው ወደ ቤት ሥራ ማኅበር ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፦ ሰዎች ይደራጃሉ፣ ቦታ በምደባ ይሰጣቸዋል፣ አብረው ይሠራሉ። መግቢያው ግን በዝግ ሒሳብ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ካፒታል ያለው ይጫረታል፣ ደመወዝ ያለው ይደራጃል፣ ሁለቱም የሌለው ይከራያል፤ ኪራይ ሲጨምርበት ደግሞ ጨረቃ ይጠብቃል። በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. ለ10/90፣ ለ20/80 እና ለ40/60 ቤቶች ተመዝግበው መቆጠብ ከጀመሩት ብዙዎቹ ከአሥር ዓመት በኋላም ቁልፍ አልተቀበሉም፤ ባሕር ዳር ይህን በጎ ልምድ መቅሰሟ አይቀርም። መሬትን በመንግሥት እጅ ማድረግ ርካሽ ቤት እንደማይሠራ እንዳይታሰብ፣ ሲንጋፖር ብዙውን መሬቷን መንግሥት ይዞ ከአራት ነዋሪዎች ሦስቱ ያህል በመንግሥት በተሠራ ቤት ይኖራሉ። እዚያ የመሬቱ ትርፍ ወደ ቤት ይዞራል። እዚህ የሊዝ ገቢ የት እንደሚዞር ነዋሪው የሚያውቀው አስፋልቱን አይቶ ነው።

ባሕር ዳር ያለ ፕላን ያደገች ከተማ አይደለችም። በ1950ዎቹ ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር ማስተር ፕላን አዘጋጅቶላታል፤ ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ዛሬም የሚደነቁ ናቸው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ ይህ ዓይነቱ ምዝገባ ተፈጥሮን ከነዋሪው አኗኗር ጋር አብሮ መጠበቅን የሚጠይቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማትም ባሕር ዳር ደርሷል። ለእውነት ሲባል፣ በሐይቁ ዳር ለእግረኛ የተከፈተ መንገድ ጥሩ ነገር ነው፤ ቀድሞ ብዙው ዳርቻ የሚታየው በሆቴል ግቢ ውስጥ ማኪያቶ ከፍሎ ነበር። አሁን ጣናን ማየት ነፃ ነው። በጣና መኖር ግን ሌላ ሒሳብ ነው፤ እሱን ደግሞ መብራትና አበባ አይፈቱትም።

ከምስጋናው ጋር አንድ ጥያቄ ይቀርባል። አስተዳደሩ የጨረታ አሸናፊዎችን ስምና ያቀረቡትን ዋጋ እንደሚለጥፍ ሁሉ፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ ሦስት ነገር ቢጨምር፦ በቦታው ማን ይኖር እንደነበር፣ ምን ያህል ካሳ እንደተከፈለው፣ አሁን የት እንዳለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ለተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆን ኑሯቸው ለተነካ ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ ስለሚፈቅድ፣ ሰሌዳው ሰፊ መሆን ይኖርበታል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለልማት ተነሺዎች (አድራሻቸው ስለተቀየረ አልደረሰም)