ኤክሴል ላይ ዶሮ አይሞትም

በድሮው ዘመን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ አገራችንን የጎበኙ ፈረንጆች ይህን ባዩ ጊዜ ካሜራቸውን ደግነው ፎቶ አንስተዋል፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ሰንሰለት፣ ሁለት የተኮሳተረ ፊት። ተበዳሪው እስኪከፍል ወይም ዋስ እስኪጠራ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ሥርዓቱ ክፉ ነበር፤ በተለይ ለአበዳሪው። ሰውዬው ገንዘቡን መስጠቱ ሳያንስ እጁንም ሰጠ።

የዛሬው ተበዳሪ እንዲህ ይቆራኝ ቢባል ግን ሰንሰለት አይበቃም። የአንድን የአዲስ አበባ ደመወዝተኛ ነገር እንይ። ስሙ ይቅር፤ የሚፈልጉት ሰዎች ብዙ ናቸው። ዕድሜው አርባዎቹ ውስጥ፣ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባት፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቅድና በጀት ባለሙያ ነው። አበዳሪዎቹ ይሰለፉ ቢባል ፊት የሚቆመው የመሥሪያ ቤቱ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ነው፤ እሱ ደመወዙ ገና እጅ ሳይገባ ከፔሮል ላይ ይቆርጣል። ከኋላው የኮንዶሚኒየሙ ባንክ አለ። ቤቱ 20/80 ነው፤ ሃያው ተከፍሎ ቁልፍ የተቀበሉ ዕለት እልልታው ሰፈር አናግቶ ነበር፤ ለሰማንያው እልል ያለ ግን እስካሁን አልተገኘም። ቀጥሎ እቁብ። ዕጣው ቀድሞ ስለወጣለት በልቶታል፤ የተበላ እቁብ መክፈል ደግሞ ቅስም ይሰብራል። ከዚያ የሰፈሩ ባለሱቅ ከነዱቤ ደብተሩ። ከሁሉም ኋላ የገዛ ስልኩ።

የስልኩ ነገር ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባዋል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለ ብድርና «እንደኪሴ» የተባለ የጉድለት መሙያ አመጣ። ውሉ ግልጽ ነው፦ ሲጎድል ይሞላል፣ ገንዘብ ሲገባ ቀድሞ የራሱን ያነሳል። ሰውዬውን ማንም አላታለለውም፤ ውሉን አንብቦ ተስማምቷል፤ ማለትም «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኗል። አንድ ቀን የጥንት ጓደኛው፣ ይመልሳል ተብሎ ተስፋ የተቆረጠበትን ገንዘብ በተአምር መለሰለት። ስልኩ ጢጥ አለ፤ ገባ። ወዲያው ደግሞ ጢጥ አለ፤ ወጣ። በሁለቱ ጢጦች መካከል ሀብታም ነበር።

አንድ ነገር ግን ሊመሰገን ይገባዋል፤ አራጣ ቤት አልሄደም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ አራጣ ማበደርም በወንጀል ያስጠይቃል። የሰፈር አራጣ አበዳሪ ሕጉን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ አንድ ላይ ያስፈርማል። ወረቀቱን ያየ ሰው ወለድ የሌለበት የጽድቅ ሥራ ይመስለዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ዘይትና ስኳር ዜናውን ከሰው ቀድመው ሰሙ። ያልሰማ ደመወዝ ብቻ ነበር። ተጨማሪ ሥራ የመፈለጉ ነገር የግድ የሆነው ያኔ ነው።

ዙሪያውን ሲቃኝ በመሥሪያ ቤቱ በደመወዝ ብቻ የሚኖር ሰው እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊዋ በርበሬና ሽሮ አስፈጭታ በኪሎ ታከፋፍላለች፤ ጠረጴዛዋ አጠገብ የቆመ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ይሁን በርበሬ ሊያዝዝ አይለይም። የፋይናንሱ ልጅ ከሥራ ሲወጣ ራይድ ይነዳል። የጥበቃው ጋሼ ቤት ይደልላሉ፤ እግራቸው በር ላይ ነው እንጂ ስልካቸው ከቦሌ እስከ አያት ይዞራል። ስብሰባ ላይ ስለ ሠራተኛው የሥራ ሰዓት ጠንከር ያለ ንግግር የሚያደርጉት ኃላፊም ማታ ማታ በግል ኮሌጅ ያስተምራሉ።

ሰውዬው መጀመሪያ የያዘው ካፒታል የማይጠይቀውን ነው፦ ቴሌግራም ላይ የነበረውን ሀምስተር ኮምባት። ስክሪኑን መታ መታ ማድረግ ብቻ ነው፤ ሳንቲም ይቆጥራል። ታክሲ ውስጥ መታ፣ ለቅሶ ቤት መታ፣ ስብሰባ ላይ መታ። ኃላፊው ቃለ ጉባኤ የሚይዝ መስሏቸው በሠራተኛው ፊት አመሰገኑት። ሽልማቱ የታደለው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ የደመራ ዕለት። ከ130 ሚሊዮን በላይ ሰው ተካፋይ ሆነ ተባለ፤ የአንዱ ቶከን መነሻ ዋጋም አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። ከተማው ወደ መስቀል አደባባይ ሲተም እሱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ድርሻውን አሰላ። ማኪያቶ ይገዛል። ኬኩ ሌላ ጨዋታ ይፈልጋል።

ከዚያ ዶሮ መጣ።

በዚህ ከተማ ዶሮ ያላሰበ ደመወዝተኛ የለም። አንዳንዱ አስቦ ይተወዋል፤ የዕቅድ ባለሙያ ግን አስቦ አይተውም፤ ሰንጠረዥ ያወጣል። ቦቫንስ ብራውን የተባለችው ዝርያ በደንብ ከተያዘች በዓመት 300 ያህል ዕንቁላል ትጥላለች። ሃምሳ ዶሮ፣ 15 ሺህ ዕንቁላል። በዋጋው ተባዛ፣ መኖው ተቀነሰ፣ ዕዳው ከነዝርዝሩ በቀይ ተጻፈ፣ ሐምሌ ላይ ቀዩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ቀመሩ እንከን አልነበረበትም። ኤክሴል ላይ ዶሮ አይሞትም፤ ድመት አይመጣም፤ አማት አይናገርም።

አማት የገቡት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ዶሮ ስለማይረባ ነው። አስኮ ያለው ግቢያቸው ተለመነ፤ «እስከ ፋሲካ ብቻ» ብለው ፈቀዱ። ካፒታሉ ደግሞ ከሁለት ባልደረቦች ብድር ተገኘ፤ ዕዳ ለመክፈል ዕዳ ተገባ ማለት ነው። ከቢሾፍቱ የሦስት ወር ቄቦች ተጭነው መጡ።

ከዚያ ወዲያ ዶሮዎቹ የሱን ዕቅድ ትተው የራሳቸውን ተከተሉ። ዕንቁላል ጣይ ዶሮ ሥራ የምትጀምረው ከተፈለፈለች ከ18 እስከ 20 ሳምንት ገደማ ሲሆናት ነው፤ መብላት የምትጀምረው ግን የገባች ዕለት ነው። አንዷ ካደገች በኋላ በቀን 115 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ ሃምሳዎቹ ተደምረው አንድ ኩንታል መኖ ሦስት ሳምንት እንኳ አያደርሳቸውም። ሰውዬው በቤቱ የልጆቹን ዳቦ መጠን ሳያውቅ የዶሮዎቹን በግራም ያውቀው ጀመር። የፈንግል ክትባት ለማስከተብ ከሥራ አስፈቅዶ ወጣ፤ ምክንያቱን «የቤተሰብ ሕክምና» ብሎ ሞላ። ጥቂቶቹ ከክትባቱ ቀድመው ሞቱ።

የመጀመሪያው ዕንቁላል የተገኘው የካቲት መግቢያ ላይ ነው። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ጫፉ ላይ ስስ የደም መስመር ያለባት። በመዳፉ ይዞ ፎቶ አነሳት፤ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቃት፤ ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ጻፈበት። ከሳምንት በኋላ ዶሮዎቹ ተያይዘው መጣል ጀመሩ። እና የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁዳዴ ገባ።

ይህ ሰው በየዓመቱ የመሥሪያ ቤቱን ዕቅድ ሲያዘጋጅ «ታሳቢዎች» በሚለው ርዕስ ሥር የበጀት መዘግየትን፣ የዋጋ ንረትን፣ የመለዋወጫ እጥረትን፣ የዝናብ መዛባትን ሳይቀር ይዘረዝራል። የሁዳዴን 55 ቀን ግን አልታሰበውም። ሰው ይጾማል፤ ዶሮ አትጾምም። አርባ ምናምን ዶሮ በ55 ቀን ከ2 ሺህ ያላነሰ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ጎረቤቱ በሙሉ ደግሞ ሽሮ ላይ ነው። ሠላሳ ሠላሳ የሚይዙት የዕንቁላል ካርቶኖች አማቱ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ከቅድስት ሥላሴ ሥዕል ሥር ተደረደሩ። አማቱ ዳዊት ሲደግሙ ዓይናቸው ዕንቁላሉ ላይ እያረፈ ተቸገሩ፤ «ጾሜን በዓይኔ አስገደፈኝ» አሉ ለልጃቸው።

ትንሽ ያዳኑት የጎረቤት ሙስሊሞች ነበሩ። በዚያ ዓመት ረመዳንም በዚያው ሳምንት ነው የገባው፤ ለሱሁር የሚሆን ዕንቁላል የሚፈልጉ አንዲት እናት ካርቶን ካርቶኑን ይወስዱለት ነበር። ግን የሰፈሩን ነገር ያውቃሉ፤ «ልጄ፣ ከኔ ሌላ ማን ሊገዛህ ነው?» ብለው ዋጋውን ራሳቸው ይቆርጡታል። ለፋሲካ ዕንቁላል ሲወደድ ያለው አለቀ። ዶሮዎቹንም ልሽጥ ቢል ገበያተኛው ላባቸውን አየና «የፈረንጅ ናት፤ ለወጥ የሐበሻ ነው የምፈልገው» አለው። ሚስቱ በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ገቢና ወጪውን ደመረች፣ ቀነሰች፣ ደግማ ቀነሰች። ትርፍ የሚባል ነገር የታየው በአማቱ ጎመን ላይ ብቻ ነው፤ ፍጉ ተስማምቶት በዚያ ዓመት እንደ ጉድ አደገ።

እንዲህ ያለ ሥራ የትልልቅ ሰዎችንም ቤት አንኳኩቷል። አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌይን በብዕሩ ያገኘውን ሀብት 18 ሺህ ክፍሎች ባሉት የፊደል መልቀሚያ ማሽን ላይ አፈሰሰው። 18 ሺህ ክፍል ያለው ማሽን ሁልጊዜ አንዱ ክፍል ይታመማል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 የመጽሐፍ አሳታሚ ድርጅቱም ከሰረ። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1895 ሚስቱንና አንዲት ልጁን ይዞ ዓለምን ሊዞር ተነሣ፤ ከአውስትራሊያ እስከ ህንድ፣ ከህንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ መድረክ ላይ እየወጣ ቀልድ አወራ፣ ትኬት ሸጠ። በ1898 ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ ጨረሰ። ሰውዬው ማሽን ከመግዛቱ በፊትም ቀልድ ያውቅ ነበር እኮ!

የኛ ሰው ቀልድ አያውቅም። ሒሳብ ያውቃል። ይህ ሙያ መሆኑን የነገረው ግን አበዳሪው ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ማታ፣ በሱቁ በኩል ሳይታይ ሊያልፍ ሲል ባለሱቁ ጠራው። «ጋሼ!» ስለ ዱቤው መስሎት ኪሱን ዳበሰ። «ልጁ ሒሳብ እንቢ ብሎታል፤ ሰኔ ላይ የስምንተኛ ሚኒስትሪ አለበት። ባይሆን ከደብተሩ ላይ እያጠፋሁልህ...» ስምምነቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር አለቀ። ጥናቱ ከሱቁ ጀርባ፣ በሩዝ ጆንያዎች መካከል ተጀመረ። ማታ ማታ ልጁ ሲወጣ አባትየው የዱቤ ደብተሩን ገልጦ አንድ መስመር ይሰርዛል፦ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ክብሪት። ዘይቱ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ለብዙ ማታ ቆመ።

የመቶኛ ስሌት የተማሩ ዕለት ልጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አሰበ።

«ቲቸር፣ አባዬ ዱቤ ላይ ለምንድን ነው ወለድ የማያስከፍለው?»

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም። ቀጥል።»

ከባንኮኒው በኩል ሳል ተሰማ። «ድገመው እስኪ፣ አባቴ፤ በመቶ ስንት አልከው?»

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። የእቁቡ ሰብሳቢ የስድስተኛ ክፍል ልጃቸውን አመጡ፤ ከደርብ ላይ አንዲት ወይዘሮ መንታ ላኩ። ጆንያዎቹ መሀል መቀመጫ ጠፋ። ካፒታል የለው፣ መኖ የለው፣ ክትባት የለው። ልጆች ደግሞ ሁዳዴ ገባ ብለው አይቆሙም፤ የሚቆሙት ክረምት ነው። በዚያው ክረምት ከሐምሌ ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ መስከረም 2018 ላይ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተጨመረ፣ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ደረሰ ተባለ። ሚስቱ «እንግዲህ ማስጠናቱን ልትተወው ነው?» አለችው። መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሱቁ ወርዶ የዘይት ዋጋ ጠይቆ ተመለሰ። አልተወውም።

ዱቤው ያለቀው ግን ከዚያ በፊት፣ ሚኒስትሪው ገና ሳይደርስ ነበር። ባለሱቁ የመጨረሻዋን መስመር ሰርዞ ደብተሩን ሲዘጋ ፊቱ ላይ ትንሽ ቅሬታ ታየ። ጥናቱ ቀጠለ፤ ወሩ ሞላ፤ ክፍያው አልመጣም። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ ቢያደርግ ባለሱቁ ወደ መደርደሪያው ዞሮ ዕቃ ማስተካከል ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሰሞኑን ዕቃ አስገብቼ እጄ አጥሮኝ ነው። የዚህን ወር ከሚቀጥለው ጋር አደርገዋለሁ።»

ሰውዬው ምንም አላለም። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወረደ፣ ሽፋኑን ገለጠ፣ ከልጁ እስክሪብቶ ተቀብሎ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ የባለሱቁን ስም በጥንቃቄ ጻፈ፣ መስመር አሰመረበት።

ባለሱቁ ጽሑፉን አንገቱን ዘንበል አድርጎ አነበበ።

«ጥሩ ነው» አለ። «የደብተሩንስ ሒሳብ ማን ላይ ልጻፈው?»