የአክስቴ ሐይቅ

ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ለአንድ ሌሊት የሚጠየቀውን ብር የሰማ ሰው፣ ገጠር ዘመድ እንዳለው ወዲያው ትዝ ይለዋል። እኔም ትዝ ያለኝ እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ 40 ያህል፤ አንኮበር፣ አክስቴ ቤት። ተራራው አለ፣ አየሩ አለ፣ ሐይቁም አለ።

አንኮበር ሐይቅ የላትም የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገበሬው በየጓሮው የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ እንዲቆፍር ዘመቻ በወጣ ጊዜ የአክስቴ ባል፣ ጋሼ፣ የቆፈሩት አለ፤ ዛሬም ውሃ ይይዛል። በሬዎቹ ይጠጡታል፣ ሽንኩርቱም በእሱ ይበቅላል። ባለቤቴ ስልኳን ዝቅ አድርጋ፣ ሸንተረሩን ከኋላ አስገብታ ስታነሣው ግን ወንጪ ነው። «ሐይቅ ዳር፣ ከቤተሰብ ጋር» ብላ ለጠፈችው። ቤተሰብ የተባለችው አክስቴ ጀሪካን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ጥላዋ ጥግ ላይ ገብቶ ነበር፤ ሥዕሉን ስለሚያበላሽ ቆርጠን አወጣነው።

የምንሄደው በጸደይ ነው። የከተማ ሰው ጸደይ የሚለው አደይ የሚፈካበትን መስከረምን ነው፤ በባሕረ ሐሳብ ግን ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ይህን ያጠናሁት ለሊቅነት አይደለም። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም፤ እንግዲህ በጉ ሁልጊዜ የሚታረደው በጸደይ ነው ማለት ነው።

በዚህ ወቅት፣ ጋሼ እንዳጫወቱኝ፣ የመኸሩ እህል ወደ ማለቁ ነው፤ የበልጉ ገብስ ደግሞ ገና ለምለም ነው። ጎተራው ሥር የቀረው ለሰኔ ዘር የተለየው ብቻ ነው። አክስቴ ቆሎ የቆላችልን ከእሱ ነው። እንዴት ያለ ቆሎ መሰላችሁ! ፍሬው የተመረጠ ስለሆነ ይሆናል። ሁለት ጊዜ አስደገምናት።

አንኮበር እንግዳ መቀበል የጀመረችው በእኛ አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእንግሊዙን መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስን ከነጓዙ ተቀብለው አስተናግደዋል። ሰውየው ጠመንጃ በስጦታ አምጥቶ፣ በ1834 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል ተዋውሎ፣ አገሩ ሲገባ ስለ ቆይታው 3 ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ፤ ያበሉትንም ሰዎች በመጽሐፉ ሳያማ አልቀረም። እኛ የምንወስደው 2 ኪሎ ስኳርና አንድ እጅ ሙዝ ነው፤ ብናማም መኪና ውስጥ ነው። ጨዋነት ማለት ይህ ነው።

የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ ሎጅ አለ። የአንኮበርን ብርቅ ወፍ ፍለጋ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ፈረንጆች ከፍለው ያድራሉ። ያሳዝኑኛል፤ ዘመድ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?

ብርዱ የታወቀ ነው። ሁለቱ የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብሶች ለእኛ ወጡ፣ አልጋውም ተለቀቀልን። ልጆቹ ሦስቱ አንድ ባና ይዘው ወደ ጥጆቹ በኩል ሲሄዱ አይቻለሁ። የት እንደተኙ አልጠየቅሁም፤ ሰው ቤት ገብቶ መጠያየቅ ነውር ነው። በሦስተኛው ቀን የእኔ ልጅ ማካሮኒ አማረው፤ የአክስቴ ታናሽ ልጅ ጎረቤላ ድረስ በእግሩ ሄዶ አመጣለት። ያ ልጅ ስፖርት ይወዳል መሰለኝ።

እኔ ደግሞ ባዶ እጄን አልተቀመጥሁም፤ አበረታታቸው ነበር። ጋሼ ሞፈርና ቀንበራቸውን ተሸክመው ሲገቡ «ታድላችሁ! ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ምግብ፣ ጭንቀት የለ!» አልኳቸው። «ይመስገን» ብለው የእግራቸውን ጭቃ ጠረጉ።

መንገዱ ሰላም ባልሆነባቸው ወራት ግን አንሄድም። ስልክም አንደውልም፤ እንዴት ናችሁ እያሉ ሰው ማስጨነቅ ምን ይባላል?

ከሁሉ የነካኝ የአክስቴ ፍቅር ነው። የደረስን ቀን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ናፍቆት ነው አልኩ። በማግስቱም፣ በሳልስቱም፣ ወጥ ልትሠራልን ኩበቱ ላይ ጎንበስ ባለች ቁጥር እንባዋ ይወርዳል። በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግና «አፈር ስሆን፣ አንድ ጉርሻ ብቻ» ትለኛለች። እኔን የመሰለ የተወደደ ሰው የለም።

ስንመለስ የመኪናው ኋላ አልዘጋ አለ፤ ቅቤ፣ አይብ፣ በሶ፣ ግማሽ ኩንታል ድንች፣ ሁለት ጠርሙስ አረቄ፣ ከነነፍሷ አንዲት ዶሮ። እንቢ ብንል ቅር ይላቸዋል ብለን ምንም አላስቀረንም። አክስቴ በመስኮቱ ተጠጋችና እያፈረች «ልጄ፣ ለዓይኔ አዲስ አበባ ሂጂ ብለውኛል፤ ሁለት ሦስት ቀን እናንተ ጋ ባርፍ...» አለችኝ።

አዘንኩላት። ቤታችን ጠባብ ነው፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ይህን ሁሉ ግን ለእሷ መናገር አላስፈለገኝም፤ ለራሷ ጤና የሚበጀውን ነገርኋት።

«አክስትዬ፣ ከተማው እኮ ጭስ ብቻ ነው። ጭስ ደግሞ ለዓይን ጠላት ነው።»