ጉረኛ ምላስ

ስለ ቡና በማውቀው ልክ ብቻ ባወራ፣ የወይራ ሰፈር ሰው ዲዳ ነው ብሎ ያዝንልኝ ነበር። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሳላነብ ይርጋጨፌን ከሊሙ አልለይም። ካነበብኩ በኋላ ግን የሚያስቆመኝ የለም። ይርጋጨፌ ከሆነ «አበባ አበባ ይላል»፣ ሊሙ ከሆነ «ወይን ወይን ይላል»፣ ሐረር ከሆነ «ብሉቤሪ!» እላለሁ። ብሉቤሪ በልቼ አላውቅም። እፎይታ ገበያ ሲሸጥም አላየሁም።

በ2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ተካሂዶ የሲዳማ ቡና አንደኛ ሲወጣ፣ ገበሬው የለፋበትን ድል እኔ ኮልፌ ተቀምጬ ወሰድኩት። የቀማሾችን ሥርዓት አጠናሁ፤ 8.25 ግራም ቡና፣ 150 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ሙቀቱ 93 ዲግሪ፣ አራት ደቂቃ ጠብቆ ከላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ሰበር ማድረግ። ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ስፔሻሊቲ ይባላል። ሚዛንና ቴርሞሜትር ገዛሁ፤ ጎረቤት ጠራሁ።

ውኃው ይንተከተካል፤ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሟል። እሳቱን ጨመርኩ፣ ክዳን ደፋሁበት፣ እንግዶቼ ተያዩ። በማግስቱ ሱቅ ሄጄ «የተበላሸ ሸጥክልኝ» ብዬ ጮኽኩበትና ቀየረልኝ። አዲሱም 92 ላይ ቆመ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 አካባቢ ነው» አለኝ። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። እስካሁን በዚያ ሱቅ በር አላልፍም።

ቀማሽ ቡናውን በኃይል ይምገዋል፤ ፈሳሹ አፉ ውስጥ ተረጭቶ መዓዛው ወደ አፍንጫው እንዲወጣ ነው። ከዚያ ይተፋዋል። እኔ ያደግሁት ደግሞ ሲጠጣ ድምፅ ያሰማ ልጅ በሚቆነጠጥበት ቤት ነው። በቀስታ ፉት እላለሁ፤ መትፋቱንም ነውር ፈርቼ እውጠዋለሁ። መዓዛው አፍንጫዬ ሳይደርስ ቡናው ልቤ ይደርስና ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። ጠዋት «ፊትህ ምነው?» ሲሉኝ፣ «የጉጂው አሲድ ጠንከር ያለ ነው» ብዬ አልፋለሁ።

የባሰው የደረሰብኝ አንዲት እናት ጎረቤቴ ቤት ነው። ሲኒውን ተቀበልኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ቀመስኩ። «ይርጋጨፌ፤ የታጠበ። ይህ የሎሚ ልጣጭ መዓዛ ከከፍታው የመጣ ነው» አልኩ።

«ጤና አዳሙ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ቅጠሉ ሲኒው ውስጥ ይንሳፈፋል። ቡናውስ ከየት ነው? «ከሱቅ። ትንሽ አርሮብኛል፤ ቻለው።» ቡና ሲቆላ በጣም ከጠቆረ የየአካባቢው ልዩነት አብሮ እንደሚጠፋ አንብቤአለሁ። ያኔ ዝም ማለት ይቻል ነበር። «አቆላሉ ነው እንጂ ውስጡ ይርጋጨፌ አለ» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ከልባቸው ሰሙኝ። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጃቸው ቡና ቀማሽነት መማር እንደሚፈልግ ነግረውኝ፣ «አንተ ብታስጀምረውስ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ይምጣ አልኳቸው።