ሃምሳ ባለድርሻ ለአንድ ማይክሮስኮፕ

የምዕራብ ጎጃም ተማሪ ሳይንስን በወሬ እንጂ በተግባር አያውቀውም የሚል ሐሜት እሰማለሁ። ሐሜተኞቹ አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ ተማሪው ባይሞክርም እኛ ስለ እሱ ተፈራርመናል። «በሳይንስ ትምህርትና ሙያ ፍትሐዊ ተደራሽነትን በዘርፈ ብዙ ቅንጅት እናረጋግጣለን» የሚል ባነር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥሮ፣ ሁለት ኃላፊዎች የመግባቢያ ሰነድ ተለዋውጠው፣ ዓይናቸውን ካሜራው ላይ ተክለው ሲጨባበጡ ያላየ ሰው ነው ስለ ቤተ ሙከራ የሚነዘንዘው።

ቅንጅት እንዴት እንደሚሠራ ላልገባው ላስረዳ። መጀመሪያ ባለድርሻ አካላት ይለያሉ። ትምህርት ቢሮው ባለድርሻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ግብረ ሠናዩ፣ ባንኩ፣ ፋብሪካው ሁሉ ባለድርሻ ናቸው። ከወንበርማ ገጠር ወጥታ ቡሬ ላይ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወላጆቿ ጋ ሄዳ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ የምትመለሰው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን ባለድርሻ አይደለችም። እሷ «ተጠቃሚ» ናት፤ ተጠቃሚ ደግሞ ስብሰባ አይጠራም። ቢበዛ አንዷ ተመርጣ፣ የአገር ልብስ ለብሳ፣ ለክብር እንግዳው እቅፍ አበባ ታበረክታለች። ሴቶችን በሳይንስ የማሳተፉ ሥራ በዚህ ይጀመራል፤ አብዛኛውን ጊዜም በዚሁ ያልቃል።

ቀጥሎ ቦታ ይመረጣል። ስለ ገጠር ትምህርት ገጠር ላይ አይመከርም፤ ፕሮጀክተር የሚሰካበት የለማ! ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ሲሆን ሐሳብ ይፈልቃል። አበል የሚታሰበው በቀን ስለሆነ የሁለት ሰዓቱ ጉዳይ ሦስት ቀን ይወስዳል።

ፍሬውን ማየት የሚፈልግ አንድ የማውቀው ትምህርት ቤት ይሂድ፤ ስሙን አልጠራም። ከቅንጅቱ የተገኘ ማይክሮስኮፕ አለ። ከነካርቶኑ፣ ከነፌስታሉ፣ ከፋይል መደርደሪያው አናት ላይ ተቀምጧል። በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል። በሞዴል 22 ፈርሞ ወጪ የሚያደርገው መምህር ግን አልተገኘም፤ ዕቃው ቢሰበር ከደመወዙ እንደሚቆረጥበት ያውቃላ። ቤተ ሙከራው ራሱ የተሰባበረ ዴስክ ማከማቻ ሆኗል፤ ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ወሊድ ላይ ናት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኛ አሻሽለነዋል፤ አንዲት ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ሆናለች፤ ሃምሳውም ፎቶ ተነሥተውባታል።

ለነገሩ ማይክሮስኮፕ ቅንጦት ነው እንበል። ሊትመስ ወረቀትስ? የጎጃም ተማሪ አሲድ ሰማያዊውን ሊትመስ ወደ ቀይ እንደሚለውጥ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይነግርዎታል። ወረቀቱን ግን አላየውም። የሚገርመው፣ አባቱ የሚያርሰው መሬት ራሱ አሲዳማ ነው። የምዕራብ ጎጃም ደጋና ወይና ደጋ አፈር በዝናብ ብዛት ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ታጥቦ ሄዷል፤ በአሲዱ የተነሣ የሚሟሟው አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል፤ አባትየው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አፈሩ ይይዝበትና ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። አንድ እፍኝ አፈር፣ ንጹሕ ውኃና ርካሽ የፒኤች መለኪያ ቢኖር ልጁ የኬሚስትሪውን ምዕራፍ በአባቱ ማሳ ላይ ይጨርሰው ነበር። ይህ ግን የግብርና ቢሮ ሥራ ነው፤ ትምህርት ቢሮ እዚያ ውስጥ እጁን ቢያስገባ ቅንጅት ይፈርሳል።

ለቡሬም እንዲሁ ተጨንቀንላታል። የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2013 ተመርቋል፤ «የተቀናጀ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። የቡሬ በርበሬ በአገር የታወቀ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ሻጋታ ይይዘውና አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ይፈጠርበታል፤ ይህን የሚመረምር ባለሙያ ለፋብሪካም ለላኪም ያስፈልጋል። ተማሪዋ ሻጋታን በደንብ ታውቀዋለች፤ መምህሩ በጠመኔ ሥሎላታል። ጎተራቸው ውስጥ ያለው ሻጋታ በሥርዓተ ትምህርቱ አልተካተተም።

ልምድ የለንም አይባልም። በ1997 የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት መጥቶልን ነበር። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ጎጃም ሲወርድ ከዚህ የበለጠ ድንበር ዘለል ቅንጅት ከየት ይመጣል? የፕላዝማው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቅ፣ ጥቂት ሰከንድ ይታገሥ፣ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልተመለሰለትን መልስ ያደንቅና ያልፍ ነበር። መብራት ሲሄድ እሱም ይሄድ ነበር። ከዚያ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር ተባለ። ቁጥሩን ለመሙላት ቤተ ሙከራ አላስፈለገም፤ ምደባ በቂ ነበር።

ፍትሐዊነትን ከጠየቃችሁኝ በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሳክቶልናል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ወንድና ሴት፣ ሀብታምና ድኻ፣ ጎበዝና ሰነፍ አንድ ሆነዋል። ከዚህ በላይ እኩልነት ከፈለጋችሁ እናንተ ችግር አለባችሁ።

የምር የሚሠራም አለ፤ ሐሰት አልናገርም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከል አቋቁሞ በክረምት ተማሪ ያስተምራል፤ እዚያ የደረሰ ልጅ እጁ ዕቃ ይነካል። ክረምት ለከተማ ልጅ እረፍት ነው። የደምበጫ ገጠር ልጅ ግን ያን ጊዜ በቆሎ ትኮተኩታለች፣ ጤፍ ታርማለች። ትምህርቱን ከምርት መሰብሰብ በኋላ እናድርገው ብሎ የሚነሣ ባለድርሻ እስካሁን አልገጠመኝም።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ጦርነት ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ሳይቀር ሰው በድሮን አልቋል። እዚህ ላይ መሸሞጥ ያቅተኛል። ብቻ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ከቆየ በኋላ፣ በሐምሌ 2016 «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ነፃ የኦንላይን ሥልጠና ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ይፋ ሆነ። በሩ ለሁሉም እኩል ክፍት ነው፤ ኮምፒውተር፣ መብራትና ዳታ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ቅንጅቱ ሁለተኛ ምዕራፍ አለው። የዚሁን ምዕራፍ አንድ ፕሮጀክት ረቂቅ ሰው አሳይቶኝ የበጀቱን ሠንጠረዥ አነበብኩ፦ ባነር፣ ቦርሳና ቲሸርት፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ አበል፣ ነዳጅ፣ የአማካሪ ክፍያ፤ ሁሉም በፕሮጀክቱ ተሸፍኗል። ግርጌው ላይ «ለቤተ ሙከራ አላቂ ዕቃዎች» የሚል መሥመር አለ፤ በአንጻሩ የተጻፈው «ከኅብረተሰቡ ተሳትፎ የሚሸፈን» የሚል ነው።