ከራስ በላይ ነፋስ፦ የዊንድሰርፊንግ ሸራ በስህተት የሚመረጥባቸው ሰባት መንገዶች

ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር በምኖርበት ጊዜ አንድ ዓርብ ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ ጣሪያቸው ላይ ሸራ ዘርግቶ አገኘሁት። ሰው ቦርድ ላይ ቆሞ በእጁ የሚይዘው የዊንድሰርፊንግ ሸራ ነው። ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው በርካሽ ገዝቶታል። ግርጌው ላይ «8.5» የሚል ተጽፎበታል፤ 8.5 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ልጁ 58 ኪሎ ይመዝናል። አብረን ጥቁር ዓባይ ዳር ወረድን። ቦርዱ ላይ ወጥቶ ሸራውን በገመዱ ሊያነሳ ሲጎትት፣ ሸራው ላይ የተኛው ውኃ አልነሳ አለው። በሦስተኛው ሙከራ ሲነሳለት ነፋሱ ሸራውን ሞላና ልጁን ወደ ፊት ወረወረው። ከዚያ በኋላ ወንዙ ይዞት ሄደ። ቱቲ ደሴት ሳይደርስ አንድ ዓሣ አጥማጅ በጀልባው መለሰው።

ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ላሉ ነው። ስህተትን ከነአሠራሩ ያየ ሰው ሲመጣበት ቶሎ ያውቀዋል። ስለዚህ ምክሩን ገልብጬ፣ እንዴት እንደሚሳሳቱ በተራ አስቀምጬዋለሁ። በየተራ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ትእዛዝ መልሳችሁ ገልብጡት።

አንደኛ፣ ራሳችሁን ሳትመዝኑ ሸራ ምረጡ። ነፋሱ ሸራውን ወደ አንድ ወገን ሲገፋ፣ ሰውየው በኪሎው ወደ ሌላው ወገን ተንጠልጥሎ ይመክተዋል። ክብደት የማይገባበት የሸራ ምርጫ ስለዚህ የለም። ስፖርተኞቹ የሚጠቀሙባት ቀላል ስሌት አለች፦ ክብደትን በ1.4 አባዝቶ ለነፋሱ ፍጥነት በኖት ማካፈል ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነፋሱ 15 ኖት ቢሆን ለ60 ኪሎ ሰው 5.6፣ ለ75 ኪሎ 7፣ ለ90 ኪሎ 8.4 ካሬ ሜትር ይወጣል። ይህ ግን ቦርዱን በውኃው ላይ ማስፈንጠር ለለመደ ሰው ነው። ጀማሪ በሰፊ ቦርድና ከ4 እስከ 5.5 ካሬ ሜትር በሆነ ሸራ፣ ነፋሱ ለስለስ ሲል ይጀምራል። በዚያ ዓርብ ነፋሱ 18 ኖት ያህል ነበር። በስሌቱ ለልጁ የሚወጣለት 4.5 ነው፤ ያውም ልምድ ቢኖረው። የያዘው እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነበር።

ሁለተኛ፣ ነፋሱን ከጣኢፍ ጣሪያ ላይ ሆናችሁ ገምቱ። ሰፈር ውስጥ ግንቡ፣ የውኃ ታንከሩና ዛፉ ነፋሱን ይሰባብሩታል፤ ወንዙ ላይ የሚያግደው የለም። ደግሞም የነፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም። ከ10 ወደ 20 ኖት ያደገ ነፋስ ሸራውን የሚገፋው በአራት እጥፍ ኃይል ነው። ጣሪያ ላይ የተሠራች ትንሽ የግምት ስህተት ውኃው ላይ የምትገዝፈው በዚህ ምክንያት ነው። ዳር ቆማችሁ ውኃውን እዩ። ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ ካለ ነፋሱ 10 ኖት ገደማ ደርሷል፤ ወንዙ በአረፋ ከተሞላ አልፎታል። በእጅ የሚያዝ የነፋስ መለኪያ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ወቅቱን አትጠይቁ። ካርቱም ላይ ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቁ የሰሜን ነፋስ አቅጣጫውን ሳይለቅ ይነፍሳል። ሸራ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ዛሬ የሞከራችሁትን ነገ በሌላ መጠን ደግማችሁ ልዩነቱን ታውቃላችሁ። ሙቀቱ ከበረታ በኋላ ነፋሱ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ሃቡብም ይመጣል። ሃቡብ ከነጎድጓድ ደመና የወረደ ቀዝቃዛ አየር መሬቱን እየጠረገ የሚያስነሳው የአቧራ ግድግዳ ነው። ከመምጣቱ በፊት አየሩ ረጭ ሊል ይችላል፤ ዝምታው ያታለለው ሰው ትልቅ ሸራ ይዞ ይገባል። ለሃቡብ የሚሆን የሸራ መጠን የለም። አድማሱ ቡናማ ሲሆን ከውኃው ውጡ።

አራተኛ፣ ወንዙን እንደ ሐይቅ ቁጠሩት። ጥቁር ዓባይ ካርቱም ሲደርስ በአመዛኙ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፤ የሰሜኑ ነፋስ ከጎን ይመታዋል። ከዳር ዳር ለመመላለስ ይህ ምቹ ነው። ሸራው ከነፋሱ ጋር ካልተስማማ ግን በወደቃችሁ ቁጥር ውኃው ወደ ሞግረን፣ ሁለቱ ዓባዮች ወደሚገናኙበት ይወስዳችኋል። በክረምት፣ ከደጋችን አፈር ጠርጎ ሲወርድ፣ ጉልበቱ ሌላ ነው። ነጭ ዓባይ ላይ ደግሞ ሒሳቡ ይለያል። ወንዙ ወደ ሰሜን ይፈስሳል፣ ነፋሱ ከሰሜን ይመጣል። 12 ኖት ነፋስ ላይ 2 ኖት ወራጅ ሲታከል ሸራው የሚሰማው 14 ነው። ልዩነቱ ክብደቱ ቀላል ለሆነ ሰው ሸራውን አንድ መጠን ዝቅ ለማድረግ ይበቃል። ሰፊና የተረጋጋ ውኃ የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ1937 ከተጠናቀቀው ከጀበል አውሊያ ግድብ በስተደቡብ ያገኛል፤ ነጭ ዓባይ እዚያ ተንጣልሎ ሐይቅ ይመስላል።

አምስተኛ፣ ሻምፒዮኑ የያዘውን ግዙ። ከስህተቶች ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ይህ ነው። በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ወንዶች 9፣ ሴቶች 8 ካሬ ሜትር ሸራ ይዘው ተወዳድረዋል። ከዚያ በፊት፣ ከቤጂንግ 2008 እስከ ቶኪዮ፣ የወንዶቹ 9.5፣ የሴቶቹ 8.5 ነበር። ይህን ቁጥር የወሰነው የውድድር ሕግ ነው፤ ተወዳዳሪው ሸራውን በልኩ አላሰፋም፣ ሰውነቱን ለሸራው ሲያዘጋጅ ዓመታት ፈጅቷል። ካርቱም ውስጥም ሁሉም በአንድ ዓይነት መሣሪያ የሚወዳደሩበትን ይህን አሠራር የሚያውቅ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 በኦምዱርማን ውጊያ የተሰለፈችውን «መሊክ» የተባለች የጦር ጀልባ ቤቱ ያደረገው የብሉ ናይል ሴሊንግ ክለብ፣ አንድ ዓይነት የብረት ጀልባዎች ነበሩት። መሣሪያው ሲመሳሰል የሚለካው ሰው ነውና ለውድድር ደግ ነገር ነው። ለመማር ግን ሸራው ሰውየውን መምሰል አለበት። የሸራው ዓይነትም እንደዚሁ ነው። ለማዕበል የተሠራው ትንሽና ጠንካራ ነው፤ ለፍጥነት የተሠራው ቅርጹን የሚይዙ ካምበሮች ስላሉት ከባድ ነው፣ ሲወድቅም ለማንሳት ያስቸግራል። ለወንዝ ተመላላሽ መሐለኛው፣ ፍሪራይድ የሚባለው ይበቃዋል። የፓሪሱ ቦርድ ከሥሩ ረጅም ክንፍ አለው፤ ወንዙ በበጋ ሲጎድል ከሚወጣው የአሸዋ ቁልል ጋር ይጋጫል።

ስድስተኛ፣ ሸራውን እንደ ከበሮ ወጥሩ። በትክክል የተወጠረ ሸራ መሬት ላይ ሲያዩት የተበላሸ ይመስላል፤ የላይኛው የኋላ ጠርዙ ይረግባል፣ ነፋስ ሲነካው ይርገበገባል። ጀማሪው ይህን ሲያይ ወደ ታች የሚጎትተውን ገመድ ያላላና በቡሙ፣ በእጅ በሚያዘው ዘንግ በኩል ያጠብቃል። እንዲህ የተወጠረ ሸራ ነፋሱ ድንገት ሲበረታ ከላይ የሚያስተነፍስበት ስለሌለው ሰውየውን ይዞ ይወድቃል። ሁለት ሸራ የሚያወዳድር ሰው መጀመሪያ ሁለቱንም በትክክል ይወጥር፤ አለዚያ የሚያወዳድረው ሸራዎቹን ሳይሆን አወጣጠሩን ነው። ያገለገለ ሸራ ስትገዙም ቀለሙን ተዉትና ብርሃን የሚያሳልፈውን ፕላስቲኩን እጠፍ አድርጋችሁ እዩ። የካርቱም ፀሐይ ያደረቀው ይነጣል፣ ይሰነጠቃል።

ሰባተኛ፣ የካርቱሙን ቁጥር ይዛችሁ ላንጋኖ ሐይቅ ግቡ። ካርቱም ከባሕር ወለል 380 ሜትር ያህል፣ ላንጋኖ ወደ 1,585 ሜትር ከፍ ይላሉ። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ ሸራውን የሚገፋው በአነስተኛ ኃይል ነው። ካርቱም በኅዳር 6 ካሬ ሜትር የበቃው ሰው፣ ላንጋኖ ላይ በተመሳሳይ ነፋስ ወደ 7 የሚጠጋ ያስፈልገዋል።

የጎረቤታችን ልጅ በቀጣዩ ኅዳር 4.7 ሸራ ተውሶ ተመለሰ። በየካቲት ከዳር ዳር ሳይወድቅ ተሻገረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ የጣኢፍ ሰዎች ተበተንን፤ ሸራዎቹም ጣሪያ ላይ ቀሩ። ትምህርቱ ግን ከሰው ጋር ይሄዳል። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለውን ተረት ሰዎች ለሌላ ነገር ይተርቱታል፤ ሸራ ለሚይዝ ሰው ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ራስ፣ ከዚያ በላይ ነፋስ። ወንድምና እኅታችሁ ውኃ ሊገቡ ሸራ ሲዘረጉ ካያችሁ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ኪሏቸውን ጠይቁ።