ያልተጋባ ተልባ

የእህቴ ልጅ ለፍልሰታ ከአዲስ አበባ ደባርቅ ስትመጣ አንድ ብልቃጥ ስላይም ይዛ መጣች። አረንጓዴ ነው፤ ይዝለገለጋል። ምድጃ ዳር ቁጭ ብላ ከእጅ ወደ እጅ ስታንቆረቁረው አክስቴ አዩት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ስላይም ነው እማማ።»

«ስንት ተገዛ?»

«ሁለት መቶ ብር።»

«ሁለት መቶ! ለንፍጥ? ደባርቅ በነፃ ይሰጥሽ የለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ፤ የተማረ ሰው ደግሞ የሚሰደብበትን ሰዓት አያውቅም።

«አክስቴ፣ ንፍጥ አይደለም፤ ፖሊመር ነው። ትንንሽ ሞለኪውሎች በሺህ እየተያያዙ ረዥም ሰንሰለት ይሆናሉ። ሰንሰለቱ ይጠማዘዛል፣ ይጠላለፋል...»

«እንደ ሊማሊሞ መንገድ?»

«ልክ እንደ ሊማሊሞ።»

«ሊማሊሞን በብልቃጥ ሸጡላት በለኛ!»

ጎረቤታችን፣ የዳባቱ አናጢ፣ በረባሶውን ደጃፍ ላይ አራግፎ ገባ። አንዴ ዳሰስ አደረገና ፈረደ። «ይኼማ ኮላ ነው እትዬ። እኔ በርጩማ የማጣብቅበት።»

«ያንተ ኮላ የበርጩማውን እግር ትቶ ቀሚሴን ነው ያጣበቀው!»

ሰውየው ግን አልተሳሳተም። ዛሬ ልጆች ቤት ውስጥ ስላይም የሚሠሩት ከነጭ ኮላ ነው፤ ኮላው ውስጥ ፖሊቪናይል አልኮል የሚባል ሰንሰለት አለ።

«አልኮል? በፍልሰታ?»

«ስሙ ነው እንጂ አያሰክርም።»

«እንዳንተ ዲግሪ በለኛ። ስም ብቻ።»

ከዚያ ተነሥተው ከጓዳ የተልባ ውሃ በጣሳ አመጡና ማንኪያ ነክረው ከፍ አደረጉት። ተልባው ክር እየሠራ ወረደ። «ይኸው! እኔም ፖሊመር አለኝ። ከጓሮዬ።»

እውነታቸውን ነው። ተልባን የሚያዝለገልገው ረዥም የስኳር ሰንሰለት ነው። ግን በማንኪያ ይወርዳል እንጂ እንደ ስላይሙ በእጅ ተጠቅልሎ አይነሳም። ለምን ሲሉኝ፣ «የተልባው ሰንሰለቶች ተጠላለፉ እንጂ አልተጋቡም» አልኳቸው። «ስላይሙ ውስጥ ቦራክስ ገብቷል፤ ወርቅ ሠሪ ሲበይድ የሚነሰንሰው ነጭ ዱቄት። ውሃ ሲነካው ቦሬት ይሆናል። ቦሬት አራት እጅ አለው፤ በሁለቱ አንዱን ሰንሰለት፣ በሁለቱ ሌላውን ይይዛል።»

«አራት እጅ ያለው አጋቢ? ደላላ ነው እንጂ!»

«ግን አጥብቆ አይዝም። ይለቃል፣ ወዲያው ደግሞ ሌላ ይይዛል፣ ያንንም ይለቃል...»

«ደላላ ነው አልኩህ እኮ።» ትንሽ አሰቡና፣ «ጋብቻውም የደመወዝ ነው» አሉ።

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስቀመጥ እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ መምህር አላገኘሁም። ስላይምን ስላይም ያደረገው ይኸው የደመወዝ ውል ነው። ቀስ ብለህ ስትስበው ውሉ ለመፍረስም ለመታደስም ጊዜ ያገኛልና ይለጠጣል። ድንገት ስትመነጭቀው ጊዜ ያጥረዋል፤ ይበጠሳል። ልጅቷ ሁለቱንም አሳየቻቸው።

«የቁርባኑስ የታለ?» አለ አናጢው።

«እግርህ ላይ።» በረባሶውን አሳየሁት። «ጎማ ነው። ቻርልስ ጉድይር የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1839 ጎማን ከድኝ ጋር አጋለውና ድኙ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ሰፋቸው። ያ ጋብቻ አይፈርስም። እሳት ብታነድበት ይከስላል እንጂ ቀልጦ ሌላ ጫማ አይሆንም።»

አክስቴ ወደ አናጢው ዞሩ። «ለካ ለዚህ ነው ጫማህ ከሦስቱ ሚስቶችህ በላይ የቆየልህ!»

ሰውየው ጫማውን ከእግሩ ስር ሸሸገ። እኔም ፋታ ሳገኝ የቤቱን ክብር ላነሳ ፈለግሁ። ማቴል የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት ሠሪ በፈረንጆቹ 1976 ስላይምን ገበያ ሲያወጣ ኮላ አልነካም፤ ጓር ከሚባል ጥራጥሬ የወጣ ሙጫ በቦራክስ አጋብቶ ነው። የጓሩ ሰንሰለት ደግሞ ለአብሽ ሰንሰለት የአክስት ልጅ ነው። ሁለቱም ማኖስ የሚባል ስኳር ደርድረው፣ ጋላክቶስ የሚባል ሌላ ስኳር ጎን ላይ ያንጠለጥላሉ። ጓር በየሁለቱ ማኖስ አንድ ጋላክቶስ ሲሰጥ፣ አብሽ ለእያንዳንዱ አንድ ያህል ትሰጣለች።

«የእኔ አብሽ ስስት አታውቅም። በምን አድርገው ሸጡት?»

«በትንሽዬ የፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ።»

«አየህ! እኔ መራራውን ውሃ ሦስቴ ደፍቼ፣ ክንዴ እስኪዝል መትቼ በነፃ አጠጣሃለሁ፤ እሱ በቆሻሻ መጣያ አድርጎ ከበረ። ያን ቦራክስህን አምጣና እኔም ልሞክረው።»

«እንዳይሞክሩት! ቦራክስ ከተዋጠ መርዝ ነው። ልጅቷም ተጫውታ ስትጨርስ እጇን ትታጠብ።»

«ታዲያ ሰውየው አልዋሸም። የሚጣልበትን አብሮ ነው የሸጠላችሁ።»

መሸ። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በክረምት ማታ ሰውም ስላይምም እኩል ይኮማተራል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ደንደን ብሎ አልፈስም አለ። በብርድ ቦሬቱ የሚለቅበትና የሚይዝበት ፍጥነት ይቀንሳል ብዬ ለልጅቷ ሳስረዳ አክስቴ አቋረጡኝ፦ «ደላላ በዚህ ብርድ ከጋቢው መች ይወጣል?»

አፋቸው ጥሩ አልተናገረም። ልጅቷ ላሙቀው ብላ እሳት ዳር አቀረበችው፤ ለሰለሰ፣ ከእጇ አመለጠ፣ የአክስቴ አዲሱ ጋቢ ላይ ተዘረጋ።

ጸጥታ። ከዚያ ሎሚ ጠየቅሁ።

«ለአሣ ነው?»

«ለፍቺ ነው። አሲድ ሲገባ ቦሬቱ እጁን ይሰበስባል፤ ሰንሰለቶቹ ይላቀቃሉ፤ ስላይሙ ውሃ ይሆናል። ሶዳ ብንጨምርበት ደግሞ መልሰው ይያያዛሉ።»

«ሶዳው ሽማግሌ ነዋ። ሽማግሌውን ተወውና ቶሎ አፋታልኝ!»

ጨመቅሁበት። አረንጓዴው እየቀጠነ፣ እየላላ ከፈትሉ መሀል ለቀቀ፤ በሙቅ ውሃ አጠብኩት። አክስቴ ጋቢያቸውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሃያ ጥምቀት ጎንደር ወርደህ አንዲት ሴት ላይ ያልወረወርከው ሎሚ፣ በስንት ዓመቱ ጋቢዬ ላይ አረፈ!»