ክር ያለው እቃ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ክምር የምትባል የእንስሳት ከተማ ነበረች። አራት በር ነበራት፤ እያንዳንዱ በር በሜዳው ላይ ከሚያልፉት አራት መንገዶች ወደ አንዱ ይከፈታል። ነዋሪዎቿ ሁሉ ነጋዴዎች ናቸው። አንዱ እንስራ ሲያመጣ፣ ሌላው ሰፌድ ሲያወርድ፣ ሦስተኛው ጆንያ ሲፈታ ይውላል። ሥርዓቱ ቀላል ነበር፦ ማንም እቃ ሲያስቀምጥ በክር አስሮ የክሩን ጫፍ በቆመበት ቦታ ከተከለው ችካል ጋር ያገናኛል። ከችካል የታሰረ እቃ ባለቤት አለው። ከታሰረ እቃ ጋር የታሰረም እንዲሁ። ክሩ በአሥር እቃ ተቀጣጥሎ ቢሄድ እንኳ መጨረሻው ችካል እስከሆነ ድረስ ማንም አይነካውም።

በጥንት ዘመን ጠራጊ የሚባል አልነበረም፤ ሁሉም የራሱን ጥራጊ ራሱ ይጥል ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ ሲ በምትባለው መንደር፣ ዛሬም እንዲሁ ነው። ጣጣው ሁለት ነው። ረሺው ይረሳና ገበያው ይሞላል፤ ችኩሉ ደግሞ ጎረቤቱ ገና የሚጠጣበትን ዋንጫ አውጥቶ ይጥላል። ጎረቤትየው ውሃ ሊጠጣ አፉን ሲሰድ፣ ዋንጫው በነበረበት ቦታ የከርከሮ ገንዳ ተቀምጦ ያገኛል። የሲ መንደር ሽማግሌዎች ግን “ቤቱን ራሱ የማይጠርግ ምኑን አባወራ ሆነ?” እያሉ ይኮራሉ። እውነት ለመናገር፣ ማንም ቆሞ ሊጠብቀው የማይችለውን የችኮላ ሥራ ሁሉ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ ኩራታቸው ከባዶ አልመጣም።

ክምር ግን አያ ጅቦን ቀጠረች።

አያ ጅቦ ሥራ ሲጀምር አንድ ጊዜ ይጮኻል። ያን ጊዜ ከተማው ቀጥ ይላል። እግሩን ያነሣ እንዳነሣ፣ አፉን የከፈተ እንደከፈተ ይቆማል። ጅቦ ከየችካሉ ተነሥቶ ክር ክሩን ይከተላል፤ የደረሰበትን እቃ ሁሉ አመድ ይቀባል። ዞሮ ሲጨርስ አመድ ያልነካው ሁሉ የእሱ እራት ነው። ከዚያ የተረፈውን ወደ አንድ ጥግ ጠጋ ጠጋ አድርጎ፣ ክሮቹን በአዲሱ ቦታ ልክ መልሶ አስሮ፣ ባዶውን መሬት አንድ ላይ ይተወዋል። ሁለተኛ ሲጮኽ ገበያው ካቋረጠበት ይቀጥላል።

አንድ ቀን አንድ እንስራና ክዳኑ ተያይዘው ተገኙ። እንስራው ከክዳኑ፣ ክዳኑም ከእንስራው ታስሯል፤ ከሁለቱ የአንዳቸውም ክር ግን ችካል ጋ አይደርስም።

“እኔ ዋሱ ነኝ” አለ ክዳኑ።

“እኔም የእሱ ዋስ ነኝ” አለ እንስራው።

አያ ጅቦ ሁለቱንም በአንድ ጉርሻ ዋጣቸው። እርስ በርስ ዋስ የሚጠራራ ድሃ በየትም አገር ዕጣው ይኸው ነው። ከእነሱ አጠገብ የነበረ፣ አይጥ የበሳው፣ ማንም ለዓመታት ያልከፈተው ጆንያ ግን አመዱን ተቀብቶ በክብር ቆየ። ጅቦ በክር እንጂ በጥቅም አይፈርድም፤ ሕጉም ከዚያ በላይ ሥልጣን አልሰጠውም።

ይህ ጠራጊ ከተረት ውጭም፣ በኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ውስጥ፣ ኖሯል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1959 ለሊስፕ የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው፣ እቃን ወደ ጥግ ማጠጋጋቱ ሲቀር፣ ይህንኑ ነበር፤ ከተማውን ቀጥ ማድረጉ ጭምር። ማካርቲ ራሱ እንደተረከው፣ ሊስፕን በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ለኢንዱስትሪ ሰዎች ሲያሳይ ነገሩ ሁሉ አምሮ ሳለ ኮምፒውተሩ ድንገት ቦታ አለቀበትና ጠራጊው ተጠራ። በሰከንድ አሥር ፊደል ብቻ የሚያትመው መሣሪያም የጠራጊውን የአንድ ሙሉ ገጽ ሪፖርት ማተም ያዘ። የተመደበው ሰዓት በዚያው አለቀ። ተመልካቹ ሳቀ፤ አንዳንዱም በአቅራቢዎቹ ላይ ሆን ብሎ የቀለደ ሰው ያለ መሰለው።

ወደ ክምር እንመለስ። አያ ጅቦ ሆዳም ቢሆንም ሞኝ አልነበረም። ጠዋት የገባ እቃ አብዛኛው ለምሳ ሳይደርስ ጥራጊ እንደሚሆን፣ ሁለት ጥርጊያ ያለፈ ግን ብዙ እንደሚሰነብት አስተዋለ። ስለዚህ ሦስት ቦታ ለየ፦ ደጁን፣ መካከለኛውን ግቢና ግምጃ ቤቱን። ደጁን ቶሎ ቶሎ ይጠርገዋል፤ ከዚያ የተረፈ ወደ መካከለኛው ግቢ፣ ከዚያም የተረፈ ወደ ግምጃ ቤቱ ያልፋል። ግምጃ ቤቱን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው፤ እሱን ሲጠርግ ከተማው ቆሞ ይውላልና። ለትልልቆች ደግሞ የተለየ ሕግ ወጣ። ክብደቱ 85 ሺህ የስንዴ ፍሬ የደረሰ እቃ በደጅ አይፈተንም፤ እንደመጣ ከግምጃ ቤቱ ሽማግሌዎች ጋር ይቆጠራል። ለማንሣት ስለሚከብድም ከተቀመጠበት አይገፋም። ዶት ኔት በሚባለው የፕሮግራም መድረክ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቁጥር በባይት ያውቁታል። ስለከበደ ብቻ ሳይፈተን ሽማግሌ የሆነ ሰው ያጋጠመው አንባቢ ግን ባይት ሳይቆጥርም ይገባዋል።

ከተማዋ አደገች። ነጋዴው በዛ፣ እቃው በዛ፣ የጅቦ ጩኸትም በዛ። በመጀመሪያ ያማረረችው አዝማሪዋ ወፍ ነበረች። “ግጥሙን ግማሽ አድርሼ ቀጥ እላለሁ። ስነቃ አድማጩ ሄዷል። የሸለመኝም የለ!” አለች። የወፍጮ ቤቱ አህያ ግን ነገሩ አልገባውም። “እኔ ዱቄቱ ማታ ይድረስ እንጂ መካከል ላይ አሥር ጊዜ ብቆም ምን ቸገረኝ? እንዲያውም አርፋለሁ” አለ። ሁለቱ በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ የሚፈልጉት ግን ለየቅል ነው። በክምር ሕግ ደግሞ ለአንድ ከተማ አንድ ዓይነት አጠራረግ ብቻ ይመረጣል፤ ምርጫውም ገበያው ከመከፈቱ በፊት ያልቃል። ከተከፈተ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት የለም።

ንጉሥ አንበሳ ዋርካው ሥር ጉባኤ ጠራ።

ቀድመው የቀረቡት ከጃቫ ኮረብታ የመጡ ሁለት እንግዶች ናቸው። ቀበሮዋ “ከ200 ሚሊ ሰከንድ በላይ አላስቆማችሁም” አለች። “ትምያለሽ?” ሲሏት “ዒላማ ነው እንጂ መሐላ አይደለም” ብላ ጅራቷን ሰበሰበች። ለሐቀኝነቷ እኔ በግሌ አከብራታለሁ። ቀጥላ እመት ጦጢት ተነሣች። “ለምን ትጠርጋላችሁ? እቃው ይከመር። ቦታው ሳይሞላ ገበያው ከተዘጋ ምን ቀራችሁ?” አለች። ሁሉም ሳቁባት። የጃቫ ፕሮግራም ቋንቋ ሰዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን የማይጠርግ ጠራጊ ኤፕሲሎን ብለው በእርግጥ አውጥተውታል፤ ለግማሽ ቀን ብቻ ለሚቆም ገበያ ከእሱ የተሻለ የለም።

ከዚያ የጥንብ አንሳዎቹ አለቃ ክንፉን ዘረጋ።

“ንጉሥ ሆይ፣ እኛ በበሩ ልክ ነን። ለአራት በር አራት እንሆናለን፤ እያንዳንዱ በርም የራሱ ደጅና የራሱ ግምጃ ይኖረዋል። ጥሩምባ ሲነፋ አራታችንም በአንድ ትንፋሽ እንወርዳለን። ጅቦ ብቻውን ሲንፏቀቅ የሚውልበትን እኛ ተካፍለን ወዲያው እንጨርሳለን። የምንለምነው ሁለት ነገር ነው፤ ግቢው ሰፊ ይሁንልን፣ መንገድ ላይ ስንወጣም ሁሉም ገለል ይበልልን።”

ከኋላ አንዲት ጉንዳን ድምጿን አሰማች። “እኔ ግምጃ ቤቱን ገበያው ሳይቆም እጠርገዋለሁ። ስጀምር ለአፍታ፣ ስጨርስም ለአፍታ ቀጥ በሉልኝ፤ በመካከሉ ሥራችሁን ሥሩ። ደጁ ሲሞላም እኔ ገለል እላለሁና በአጭሩ ይጠረግ። ካለፍኩ በኋላ የጣላችሁት ግን እስከሚቀጥለው ዙር ይቆያል። መንገዱንም ከእናንተ ጋር እጋፋለሁ።”

ንጉሡ ጥንብ አንሳዎቹን መረጠ። ስለ አህያውም ስለ ወፏም አስቦ አይደለም፤ ክንፍ ሲዘረጋ አይቶ እንጂ። ጉንዳን ደግሞ ማን አይቷት!

መጀመሪያ ላይ ሠመረ። ወፍጮ ቤቱ እንደዚያ ፈጭቶ አያውቅም። ጥሩምባው የሚነፋው ከስንት አንዴ ነው፤ ግቢው ሰፍቶ ጥራጊውን ብዙ ቀን ይሸከማልና። ከተማዋ የያዘችው መሬት እጥፍ ቢሆንም የጠየቀ አልነበረም። የክምር ዝና ሜዳውን ሞላው፤ በሜዳው ያሉት ሌሎች 11 ከተሞችም ቀኑባት። አራት በር ያላት ሁሉ አራት ጥንብ አንሳ ቀጠረች። ሁለት ነጋዴና አንድ የታመመ በግ ብቻ ያሏት ከተማ እንኳ “እኛስ ከማን እናንሳለን?” አለች። አንድ በር ብቻ ያላት የዳር መንደርም ለምና ነበር፤ ጥንብ አንሳዎቹ ግን ለአንድ በር አይወርዱም፣ በጅቦዋ ቀረች።

ከተሞቹ 12 ናቸው፤ መንገዶቹ ግን ያው አራቱ። አንድ የገበያ ቀን፣ ሁሉም ከተማ በሞላበት ሰዓት፣ ጥሩምባዎቹ ተከታትለው ተነፉ። 48 ጥንብ አንሳ ወደ አራት መንገድ ወረደ፤ በአንድ መንገድ 12። እያንዳንዱ ቅድሚያ የእኔ ነው ይላል፤ እያንዳንዱ “ገለል በሉ” ይላል፤ ገለል የሚለው ግን ማን ነው? ነጋዴው ቀድሞውኑ ቆሟል። ጥንብ አንሳ በጥንብ አንሳ ላይ ወጣ፤ ክንፍ ከክንፍ ተጠላለፈ። በበጉ ከተማ የሚጠረገው አንድ እፍኝ ገለባ ነበር፤ እሱን ለማንሣት አራት አሞራ ግማሽ ቀን ተሰለፈ። አዝማሪዋ ወፍ አፏን እንደከፈተች ጀንበር ጠለቀች።

እዚህ ላይ ለዘመኑ ጥንብ አንሳዎች ፍርድ እንስጥ። ዶት ኔት 9 እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ፣ የሥራውን ብዛት አይተው ቁጥራቸውን ራሳቸው የሚቀንሱና የሚጨምሩ ሆነው መጥተዋል። ትዕዛዝ ሳይጠብቅ ራሱን የሚቀንስ ሹም በሰው ዘንድ ገና አላየሁም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዋዜማ ንጉሡ ጉንዳኗን አስጠራ። ወፏ ሳትቋረጥ ማንጎራጎር ጀመረች። አህያው ወፍጮው ትንሽ እንደዘገየ፣ መንገዱም በጉንዳን እንደተሞላ ቢያጉረመርምም፣ ማታ ላይ ዱቄቱ ደርሶ አየና ዝም አለ።

ግምጃ ቤቱ ግን አልጎደለም። ጅቦ ጠርጎት አልጎደለም፤ ጥንብ አንሳዎቹ ጠርገውት አልጎደለም፤ አሁንም በየሳምንቱ ጣሪያው ጋ ሊደርስ ይቃረባል። ጅቦ ክር ተከትሎ ያልፍ ነበር እንጂ ክሩ ምን እንደያዘ አይመለከትም ነበር። ጉንዳኗ ቀስ ብላ ስለምትሄድ አየች።

ዝሆን ልጁን ሲድር “ደወል ሲደወል ጥሩኝ” ብለው ስማቸውን ያስመዘገቡ እንግዶች ነበሩ። ሠርጉ አልፏል፤ እንግዶቹ አገር ለቀዋል፣ ከፊሎቹም ሞተዋል። ስማቸውን ከደወሉ ላይ የፈታ ግን የለም፤ ስለዚህ ወንበራቸው፣ ከወንበሩ ጋር የታሰረው ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጋር የታሰረው ድንኳን እንዳለ ቆሟል። ጉሬዛ ደግሞ “አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል” እያለ ያየውን ጎድጓዳ ሳህን ሁሉ ያስቀምጣል። ስንት ሲሞላ እንደሚያቆም የነገረው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። ሁሉም ክር አለው። ሁሉም አመድ ተቀብቷል። ሕግ የጣሰ አንድም እቃ አላገኘችም።

ጉንዳኗ ክሮቹን ይዛ ወደኋላ ሄደች። የዝሆኑ ደወል፣ የጉሬዛው መደርደሪያ፣ ሌላም ብዙ ክር እየተጠመረ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመራል፤ ከተማው ሲመሠረት ወደተተከለ፣ ከተማው እስኪፈርስ ድረስ ወደማይነቀል ችካል። ችካሉ ያለው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ነው።

“ንጉሥ ሆይ፣ ጠራጊ ብትለዋውጡ የቆማችሁበት ሰዓት ያጥር ይሆናል እንጂ ግምጃ ቤቱ አይጎድልም” አለች። “ከእነዚህ አንዱን ክር ልፍታ?”

“ጠራጊ ክር አይፈታም። ክር የሚፈታው ባለቤቱ ነው፤ ሕጉን አታውቂም?” አለ አንበሳ።

“አውቃለሁ። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት።”

ጉባኤው ጸጥ አለ። አንበሳ ክሮቹን አየ። የአያቱ ነጋሪት አለበት፤ የአማቾቹ ስጦታ አለበት፤ ማን እንዳሰረው የማያስታውሰው መቶ ምናምን ቋጠሮ አለበት። አንዱን ቢፈታ ከሥሩ ማን ተንጠልጥሎ እንደሚገኝ አያውቅም።

“ግምጃ ቤቱ ይስፋ” አለ።

ጨረታው ወጣ። እመት ጦጢት አሸነፈች።